ክትባቱ ያላገኛት ልጅ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍረው ሳሉ ኮሌራ ከሰፈሩ ገብቶ ወታደሩንና ጓዝ ተከታዩን መፍጀት በጀመረ ጊዜ፥ ይዘው ካቆዩአቸው እንግሊዞች አንዱን፥ ሐኪሙን ሄንሪ ብላንክን፥ ምን እንደሚበጅ ጠየቁት፤ እርሱም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ቤጌምድር ደጋ እንዲወጡ፥ ሕሙማኑን ከጤነኞቹ እንዲለዩ፥ ሠራዊቱንም በአንድ ቦታ ከማጎር በየአገሩ እንዲበትኑት መከራቸው። ምክር በመስማት እምብዛም የማይታሙት እኒያ ንጉሠ ነገሥት የእስረኛቸውን ቃል ተቀብለው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ፤ ብላንክም በኋላ በጻፈው መጽሐፍ በሽታው ጥቂት ሰንብቶ እንደ ረገበ ይመሰክራል። በዚያ ዘመን የኮሌራን መነሻ ከዓለም ሐኪሞች የሚበዙት ገና አልተረዱትም ነበርና፥ ንጉሡም ሐኪሙም የተከላከሉት ጠላት ማን እንደ ሆነ ሳያውቁት ነው።

ዛሬ ከጉና ተራራ ብዙ ሳትርቅ በተቀመጠችው በዚያችው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ከነፋስ መውጫ እስከ ወረታ፥ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ እስከ አዲስ ዘመን በየወረዳው ጤና ጣቢያ፥ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቷል። ሆኖም መነሻው በተረጋገጠ፥ መከላከያው በተገኘ፥ የመከላከያውም ዋጋ ከድኻው መቀነት በማይፈታ በአንድ ደዌ ስለሚሞቱት እናቶች መናገር ሲገባን፥ ድምፃችን ይሰልላል። የደዌው ስም የማኅፀን በር ካንሰር ነው።

በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ይኸው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፥ በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ሲያዙበት ከ5 ሺህ የሚበልጡት ሞተውበታል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ ያስተዋለ ሰው፥ የደዌውን ክፋት ብቻ ሳይሆን ሕመምተኞቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱበትን የመሸ ሰዓትም ያነባል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዘመን በመላው ኢትዮጵያ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከጋይንት ወይም ከስማዳ ተነሥታ፥ በሬ አስሽጣ፥ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ እዚያ የደረሰች እናት ወረፋዋ እስኪደርስ መቆየቷ ደግሞ የታወቀ ነገር ነው።

ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ይፋ ባደረገው ምርምር ለዚህ ደዌ ምክንያት የሆነው ሂውማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ መሆኑን አሳይቶ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የቫይረሱ ዓይነት ብዙ ሲሆን ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ ከአሥሩ ሕመምተኞች ለሰባቱ ያህል ተጠያቂዎች ናቸው። የሚተላለፈው በሩካቤ ሥጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ታግሎ በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል፤ ሳይወገድ የቀረው ግን በሴቲቱ ማኅፀን በር ላይ ተደብቆ፥ ሳያሳምም፥ ሳያቆስል፥ 15 እና 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባትና መድኃኒት ያልጀመረች ሴት ከሆነች ግን ዘመኑ በእጅጉ ያጥራል። እንግዲህ በ15 ዓመቷ የተዳረች ልጅ የደዌውን ፍሬ የምታየው ልጆቿ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሲደርሱ፥ ቤቷም በእርሷ ትከሻ ላይ ቆሞ ሳለ ነው።

ምልክቱ ሲገለጥ ደግሞ ደም ነው፤ ያለ ጊዜው የሚፈስ፥ ከሩካቤ በኋላ የሚታይ፥ የወር አበባ ካቆመ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ደም። እዚህ ላይ የአገራችን ሥርዓት የሚሠራውን ነገር ልብ ብሎ ያየ ጥቂት ነው። ደም የሚፈሳት ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ከቅጽሩ ውጭ ወይም ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆማ ታስቀድሳለች። ወጣት ስትሆን ይህ በየወሩ የሚመጣና የሚሄድ ነውና ማንም አይደነቅበትም። ነገር ግን የ50 ዓመት እናት፥ ልጅ መውለድ ካቆመች የሰነበተች፥ ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ ከደጅ ሳትገባ ስትቀር፥ ይህች ሴት ምን ሆና ነው ብሎ የሚጠይቅ ሊኖር በተገባ ነበር። በወንጌል 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ሳትድን መቅረቷን፥ በሕዝቡም መካከል ተሸሽጋ መምጣቷን ካህናቶቻችን በየዓመቱ ይተረጕሙልናል፤ ትርጓሜው ግን በደጃቸው ከቆመችው ጋር አልተገናኘም። ይህን የምለው ካህናቱን ለመንቀፍ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ደጋ ለአንዲት ሴት የሰውነቷን ምሥጢር የሚያውቅ ከባሏ ቀጥሎ የንስሐ አባቷ ነው፤ ከባሏ ሸሽጋ ለእርሱ የምትነግርበትም ጊዜ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምንም ብትደክም ይህን ያህል አትቀርብም።

ይህን ቫይረስ የሚከላከል፥ ለሴቶች ልጆች የሚሰጥ ክትባት አለ፤ ስለ ክትባቱ የሚነሣው ሙግት ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከጨዋ ሰው አፍ የሚወጡ ስለ ሆኑ በንቀት መመለስ አይገባም። አንደኛው፥ በሩካቤ ለሚመጣ ነገር ሕፃናትን መክተብ ለኃጢአት በር መክፈት ነው የሚል ነው። ነገር ግን ልጃችንን በሥርዓት አሳድገን፥ በድንግልና ጠብቀን፥ በተክሊልም ሆነ በሰማንያ ስንድራት፥ የምንሰጣት ለአንድ ወንድ ነው፤ የእርሱን ያለፈ ዘመን አንመረምርም፥ ብንመረምርም ቫይረሱ በወንዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ እርሱ ራሱ አያውቀውም። ደዌ ማንም ሳያውቀው ከሰው ጋር ወደ ቤት ሲገባ ከዚህ በፊትም አይተናል፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር የተባለው የቆላ ደዌ በድንገት ተነሥቶ፥ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ሲሰጥ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፥ ሊቃውንቱ መነሻውን ሲመረምሩ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሰሊጥ እርሻ ለቀን ሥራ ወርደው ከተመለሱት ሰዎች ጋር የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ደምድመዋል። እነዚያ ሰዎች ለልጆቻቸው እህል መግዣ ሊያመጡ የወጡ እንጂ ደዌ ሊያስገቡ ያሰቡ አልነበሩም። በንጽሕና የኖረችም ሚስት ከቤቷ ሳትወጣ ልትታመም ትችላለችና፥ ክትባቱ ስለ ልጅቱ ጠባይ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

ሁለተኛው ሙግት ክትባቱ ያመክናል የሚል ነው፤ ይህም በገበያና በጠበል ቦታ ከሁሉ ይልቅ የተሰማ ወሬ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ፥ በነጻ የሚሰጥ፥ ያውም ለሴቶች ልጆች ብቻ የሚሰጥ ነገር በገበሬ ዘንድ ጥርጣሬ ማሳደሩ አይገርመኝም፤ መሬቱንና በሬውን በጥርጣሬው የጠበቀ ሕዝብ በልጁ ማኅፀን ላይ ቢጠነቀቅ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በክትባቱ ውስጥ ያለው ሕያው ቫይረስ አይደለም፤ የቫይረሱን ውጫዊ ቅርፊት የሚመስል፥ ውስጡ ባዶ የሆነ፥ ሊራባ የማይችል ፕሮቲን ነው፤ የሰውነት ዘብ ጠላቱን በመልኩ እንዲያውቅ ያደርጋል፥ ከዚያ አልፎ ወደ ማኅፀን የሚደርስ ሥራ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2006 ክትባቱ ከተፈቀደ ወዲህ እስከ 2017 ድረስ ከ270 ሚሊዮን በላይ ክትባት በዓለም ላይ ተሠራጭቶ፥ የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት መርማሪዎች ጉዳዩን ደጋግመው አይተው ከመካንነት ጋር የሚያገናኘው ነገር አላገኙም። ማኅፀንን በእውነት የሚወስደው ካንሰሩ ነው፤ ሐኪሙ ነፍሷን ለማትረፍ ሲል ማኅፀኗን ቈርጦ የሚያወጣላት ሴት በ30 ዓመቷ ልትሆን ትችላለች፤ ስለ ዘሩ መቀጠል የሚጨነቅ አባት ሊፈራው የሚገባው ይህን ነበር።

ስለ ጥቅሙ ብዙ መናገር አያሻም። በእንግሊዝ አገር በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡት ልጆች አድገው ሲታዩ ደዌው ካልተከተቡት ይልቅ በ87 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት አስረድቷል።

ከዚህ ይልቅ ላሰፋው የምሻው ክትባቱ ለልጆቹ ስለሚደርስበት መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ክትባቱን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዓለም ገበያ አቅርቦቱ አጥሮ ስለ ነበር የ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ የተጠሩት። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ግን ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ሁሉ፥ በቍጥር ከ7 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑትን፥ በአንድ ጊዜ ክትባት ብቻ ለማዳረስ ዘመቻ ተደረገ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ዋናው በሩ ትምህርት ቤት ነው፤ መዝገቡ የመምህሩ መዝገብ ነው፤ ሰልፉም የክፍሉ ሰልፍ ነው። በከተማ ይህ መልካም ነው። በእኛ አገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ከብት የምትጠብቅ፥ ታናናሾቿን የምታዝል፥ በሕፃንነቷ የታጨች ልጅ በመምህሩ መዝገብ ላይ አልነበረችም። ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት መዳርን ቢከለክልም፥ ሕጉና ልማዱ በየጎጡ ሲታገሉ እናያለን። እንግዲህ ማስተዋል የሚገባን፥ ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅና ቀድማ የምትዳረው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት መሆኗን ነው። ክትባቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት እርሷ ሆና ሳለ፥ መንገዱ የተጠረገው ለእኅቷ ነው።

ይህ ችግር መፍትሔ የሌለው አይደለም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአፍሪካ አገሮች ቀድማ ክትባቱን በመላ አገሯ ስትጀምር በስድስተኛ ክፍል ያሉትን በትምህርት ቤት ከተበች፤ ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉትን ደግሞ የየመንደሩ ጤና ሠራተኞች በስም እየፈለጉ አመጧቸው፤ በዚያው ዓመት ከታሰቡት ልጆች 93 በመቶው ተከትበዋል። ሩዋንዳም ከደረሰባት መከራ በኋላ በሕዝቧ ዘንድ የመተማመን እጥረት ያልነበረባት አገር አይደለችም።

በእኛ ዘንድ ከትምህርት ቤት የቀረችውን ልጅ በስም የሚያውቃት ማን ነው? ያጠመቃት ካህን ያውቃታል፤ የእናቷ የጽዋ ማኅበር ያውቃታል፤ የሰንበቴው ሙሴ፥ የዕድሩ ዳኛ፥ የአያቷ ጎረቤት ያውቋታል። ስለዚህ ግንዛቤ ለማስጨበጥ የሚወጣው ገንዘብ ለጨርቅ ማስታወቂያና ለሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ከሚውል፥ ጥቂቱ እንኳ የደብር አስተዳዳሪዎችንና የንስሐ አባቶችን ከአዋላጅ ነርሶች ጋር አንድ ቀን አቀማምጦ ለማነጋገር ቢውል፥ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ትምህርት አንድ ጊዜ የሚነገረው ቃል በሬዲዮ ብዙ ጊዜ ከሚደጋገመው ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ሲራክ ስለ ባለ መድኃኒት ክብር የጻፈውን የሚያውቁ መምህራን ለዚህ ጥቅስ አይቸገሩም። በሙስሊም ወገኖቻችን መካከልም ሼኾቹ እንዲሁ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታሰብ። ክትባቱ ለልጅቱ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ለእናቷ የሚያስፈልጋት የማኅፀን በር ምርመራ ነው። እናቲቱን ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለሽ ሁሉ ተመርመሪ ብለን ከቤቷ ካስወጣናት በኋላ፥ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ስትደርስ የሠለጠነችው ነርስ ለስብሰባ ሄዳለች ወይም የማቀዝቀዣው ሕክምና ጋዝ አልቋል ከተባለች፥ እርሷም አትመለስም፥ ጎረቤቷም አትመጣም። ምርመራው ከባድ አይደለም፤ በማኅፀኑ በር ላይ አቼቶ ቀብቶ ነጭ ምልክት መውጣት አለመውጣቱን ማየት ነው፤ ምልክት ከተገኘም ገና ካንሰር ሳይሆን በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ማስወገድ ይቻላል። አቼቶው በርካሽ ይገኛል፤ የሚጠፋው ባለሙያዋ፥ የተዘጋ ክፍልና መጋረጃ ነው። መጋረጃ የሌለው ክፍል ውስጥ የገባች የፋርጣ እናት ያየችውን ለመንደሩ ሁሉ ትናገራለች፤ እውነቷንም ነው።

የዘመቻውን ወር በተመለከተ ደግሞ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች አንድ ሐሳብ አለኝ። ኅዳር በእኛ አገር የአጨዳ ወር ነው፤ ጤፉና ገብሱ በሚሰበሰብበት ጊዜ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ቀበሌ እንኳ ልጃገረዷ ነዶ ተሸክማ ወይም ለአጫጆች ምሳ ይዛ እርሻ ላይ ትውላለች። ወሩን ለውጡ አልልም፤ በኅዳር እኩሌታ የነቢያት ጾም ይገባል፥ ከጾሙም ቀጥሎ የጥር ሰርግ ይመጣልና ከዚያ ወዲያ ማዘግየት ለታጨችው ልጅ ረፍዷል። ቦታው ግን ይለወጥ፤ የክትባቱ በረዶ ሣጥን ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ በሥራ ቀን ወደ አውድማው፥ በ21 ቀን ወደ ማርያም ደጅ፥ በእሑድም ወደ ሰንበቴው ቤት ይሂድ፤ የልጆቹን ስም ዝርዝር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከጥቅምት ጀምሮ ከየንስሐ አባቱ ጋር ሆና ቤት ለቤት ትጻፈው።