ርቀት አልሞተም

«ዓለም ጠበበች፤ አንዲት መንደር ሆነች» የሚለው አባባል በብዕረኞቻችን ዘንድ ከተለመደ ሰንብቷል። ልቦለዶቻችንን አስተውሉ፤ ባለታሪኩ በአንዱ አንቀጽ መጨረሻ ቦሌ ላይ እናቱን ይሰናበታል፤ በሚቀጥለው አንቀጽ መጀመሪያ ዋሽንግተን ደርሷል። በመካከሉ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ይህ ቃል መቆጠብ ሳይሆን እውነትን መሸሽ ነው እላለሁ።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ በመሄድም በመመለስም አንድ ነው፤ ጊዜው ግን ይለያያል። ከደለስ የተነሣው አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። ከቦሌ የሚነሣው ግን በመንገዱ አርፎ ነዳጅ ስለሚሞላ 16 እና 17 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ባለፉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ለዚሁ ማረፊያ ሆነዋል። ምክንያቱ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጧል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት ይከብዳል። የደለስ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ ሂያጁን ይገታል፤ መጪውን ይገፋል።

«ማታ ተነሥቶ ጠዋት ይደረስ የለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ይደረሳል። ነገር ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ያ «አንድ ሌሊት» ፀሐይን እየሸሸ የረዘመ ሌሊት ነው።

ሌላው ደግሞ የመርከብን ዘመን ያነሣብኛል። እውነት ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን የተሻገሩት በመርከብ ነበር፤ ከዛሬው ጋር የሚነጻጸር ድካም አይደለም። ሆኖም ያን ጉዞ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፍ አቆዩልን። እኛ ግን መንገዱ ስላጠረ የለም ብለን ዘለልነው።

ውድ አንባቢ፣ ነገሩ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስልህ። መርዶ በስልክ በቅጽበት ውቅያኖስ ይሻገራል፤ ልጅ ግን እናቱን ለመቅበር፣ ትኬቱ በእጁ፣ አውሮፕላኑም በደጁ ቢሆን እንኳ፣ ከዚያ 13 ሰዓት የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። በሀገራችን ደግሞ ቀብር ብዙ አይቆይም፤ ዛሬ ያረፈ ዛሬ ወይም ነገ ይቀበራል። ስንቱ ስደተኛ አፈር ከለበሰ መቃብር ፊት ቆሞ አልቅሷል! ለዚህ ሰው «ዓለም መንደር ሆነች» ማለት ስላቅ ነው። በመንደር ያለ ሰው ቀብር ይደርሳል።

እንግዲህ ደራሲዎቻችን ያን 13 ሰዓት ይጻፉት። መብራቱ በጠፋበት አውሮፕላን ውስጥ፣ ከባዕድ ጎን ተቀምጦ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚያለቅሰውን መንገደኛ ይጻፉት። ርቀት ሞተ የሚሉን እርሱን ያላዩት ናቸው።