የፒያሳን ካርታ ማን ያርመዋል?

ስማርት ስልክ የያዘ አዲስ አበቤ የካርታ አፕ መርጦ አያውቅም ማለት ይቻላል። ስልኩ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ጉግል ማፕስ ተጭኖበት ይመጣል፤ «ሎኬሽን ላክልኝ» ሲባል እሱኑ ከፍቶ ይልካል፤ በዚያው ይቀጥላል። መንገዱ ለዓመታት በማይነካ ከተማ ቢሆን የዚህ ልማድ ጉዳት ቀላል ነበር። አራዳ ግን፣ በተለይም ፒያሳ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ቅያሱም መታጠፊያውም ተለዋውጧል፤ ትናንት ሰፈር የነበረው ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ወይም ባዶ ቦታ ሆኗል። ስለዚህ የትኛውን የካርታ አፕ እንያዝ የሚለው ጥያቄ በቅጡ ሊታሰብበት ይገባል። ካርታ ሲመረጥ ከመልኩና ከሚናገርበት ድምፅ በፊት ሁለት ነገር መታየት አለበት እላለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ እግረኛውን ይመራል ወይ? ሲሳሳትስ የሰፈሩ ሰው ራሱ ሊያርመው ይችላል ወይ? በእነዚህ መመዘኛዎች ማንም ሊያርመው በሚችለው በኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ የተሠሩት ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ ለእኛ የተሻሉ ናቸው፤ ጉግል ማፕስ ደግሞ በረዳትነት ቢያዝ ይበቃል።

የፒያሳ መለዋወጥ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው የአራዳ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተወስዷል፤ አራዳ የሚለው ስም ግን ከገበያው ጋር አልሄደም። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሳቢያ የአትክልት ተራ ነጋዴው ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል፤ የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም «አትክልት ተራ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሲመረቅ የማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ መልኩን ቀየረ፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈር ፈረሰ። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው በዚህ ሰፈር ስምና ቦታ እየተለያዩ እንደሚኖሩ ነው። ቦታው ሲፈርስ ስሙ በሰው አፍ ይቀራል፤ አዲስ ነገር ሲሠራ ደግሞ ሕዝቡ ስም እስኪያወጣለት ጊዜ ይወስዳል። ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ቤቱ መፍረሱን ሊያሳይ ይችላል፤ ቦታውን ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ የትኛው ቅያስ እንደተዘጋ፣ የትኛው ደረጃ እስከ ታች እንደሚያስወርድ ግን እዚያ የሚመላለስ ሰው ካልነገረው አያውቅም።

የአድራሻ ሥርዓታችንም አያግዝም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገና ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ ቤቶች በየቀበሌው ቁጥር ተሰጣቸው። ቀበሌዎቹ ቆይተው ተጣመሩ፣ ወረዳ ሆኑ፤ የቤት ቁጥር ዛሬ ለመታወቂያና ለይዞታ ካርታ ጉዳይ ይጠቅማል እንጂ መንገድ ለመፈለግ የሚጠቀምበት ሰው የለም። ለመንገዶቹ የተሰጡት ስሞችም ከቸርችል ጎዳና በቀር ከታፔላ አልፈው ሰው አፍ አልገቡም። የፒያሳ ዋና አደባባይ ደጎል ተብሎ መሰየሙን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከዚያ በታች ያለው የካኒንግሃም መንገድ የት እንደሆነ ቢጠየቅ ግን የሰፈሩ ልጅም ይቸገራል። የፒያሳ ሰው የሚጠቅሰው ሲኒማ ኢትዮጵያን፣ ማሕሙድ ሙዚቃ ቤትን፣ ጣይቱ ሆቴልን፣ ራስ መኮንን ድልድይን ነው። በራይድ ወይም በፈረስ አፕ መኪና የጠራ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል። ጠቋሚውን አፑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ሹፌሩ ግን ይደውላል። «ጊዮርጊስ ጋ ደርሻለሁ፤ እርስዎ የት ጋ ነዎት?» «ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወረድ ይበሉ፣ አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ።» «በዚህ በኩል እኮ ተዘግቷል፣ ዞሬ ልምጣ?» ተሳፋሪና ሹፌር በእጃቸው ሁለት ካርታ ይዘው በመጨረሻ የሚገናኙት በስልክ ወሬ ነው። ካርታው የሚያሳየው ነጥብ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው በነጥቡ ዙሪያ ያለው የሰፈር ዕውቀት ነው።

ወደ መጀመሪያው መመዘኛ እንምጣ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ስልኩ የሚቀበለው ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት ነው፣ ሰማዩ ግልጽ በሆነበት ቦታም በጥቂት ሜትሮች ልዩነት የት እንዳለን ይነግረናል። ዳታ የሚበላው ካርታውን ማምጣቱ ነው። ጉግል ማፕስም አካባቢን አስቀድሞ የማውረድ አገልግሎት አለው፤ ይሁን እንጂ ኔትወርክ ሲጠፋ በወረደው ካርታ ላይ የመኪና መንገድ ብቻ ይመራል፣ የእግር መንገድ አይሰጥም። ይህ በሌላ አገር ትንሽ ጉድለት ሊመስል ይችላል። በአዲስ አበባ ግን ግማሽ ያህሉ ጉዞ የሚደረገው በእግር ነው፤ ፒያሳ ደግሞ ከእግረኛ ሰፈርም በላይ የአቋራጭ ሰፈር ናት። ከደጃች ውቤ ሰፈር እስከ እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ፣ ደረጃው፣ በሁለት ግንብ መካከል የሚሾልከው የኮብልስቶን ቅያስ መኪና አያሳልፍም። መኪና ብቻ የሚያውቅ ካርታ ከዚያ ወደዚህ የሚሻገርን እግረኛ በዋናው መንገድ ያዞረዋል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ አንድ ጊዜ በዋይፋይ ካርታውን ካወረዱት በኋላ ያለ ምንም ዳታ የእግርም፣ የብስክሌትም፣ የመኪናም መንገድ ያወጣሉ። የኦስምአንድ ነጻ ዕትም በሚያወርዱት ካርታ ብዛት ላይ ገደብ አለው፤ ኦርጋኒክ ማፕስ ያም የለውም፣ ማስታወቂያ አያሳይም፣ የሄዱበትንም እየመዘገበ አይልክም።

«ኔትወርክ ምን ያህል ጊዜ ይጠፋል?» የሚል ካለ በቅርቡ ያለፍንበትን ማስታወስ ይበቃል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማለቂያ በመላ አገሪቱ የተዘጋው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋረጠው የሞባይል ዳታ ወደ አንድ ዓመት የተጠጋ ጊዜ ሳይመለስ ቆይቷል። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የታመመ ዘመድ ይዞ ወደማያውቀው ሆስፒታል ለሚሄድ ሰው በስልኩ ውስጥ ያለ ካርታና ከኔትወርክ የሚመጣ ካርታ አንድ አይደሉም። ለፒያሳ ሰውም ቢሆን ዳታው ያለቀበት ወይም መብራት ጠፍቶ ኔትወርኩ የደከመበት ቀን ብርቅ አይደለም።

ሁለተኛው መመዘኛ ከዚህም የከበደ ነው። ጉግል ላይ ስህተት ያገኘ ሰው እርማት መጠቆም ይችላል፤ ተቀባይነት የማግኘቱ ውሳኔ ግን የኩባንያው ነው፣ የገባው መረጃም በኩባንያው እጅ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጉግል ማፕ ሜከር የሚባል መሣሪያ አውጥቶ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የየአገራቸውን መንገድ እንዲስሉ ጋብዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጋው። የደከሙት ሰዎች የሳሉትን ካርታ አውጥተው እንደ ልባቸው ለሌላ ሥራ ሊያውሉት አይችሉም ነበር። ኦፕንስትሪትማፕ የተነሣው ከዚህ ተቃራኒ በሆነ አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ ሲጀምረው ሐሳቡ ማንም እንዲጨምርበት፣ ማንም እንዲያርመው፣ ማንም እንዲወስደው ነበር፤ ፈቃዱም ይህንኑ ያስገድዳል። አሠራሩ ቴክኒክ አዋቂ መሆንን አይጠይቅም። ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ አንድ ሱቅ ወይም ፋርማሲ ተጭኖ ስሙንና ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል። ስትሪትኮምፕሊት የሚባለው የአንድሮይድ አፕ ደግሞ ቆመው ባሉበት ዙሪያ ምልክቶችን ይደረድራል፤ አንዱን ሲነኩት «ይህ መንገድ ምን ተብሎ ይጠራል?»፣ «የተነጠፈው አስፋልት ነው ወይስ ድንጋይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን ወዲያው ወደ ካርታው ያስገባል። ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ወረፋው እስኪደርሰው ሁለት ሦስቱን ሊመልስ ይችላል።

ይህ ከንቱ ተስፋ እንዳልሆነ የጎረቤታችን የናይሮቢ ልምድ ያሳያል። ኪቤራ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚኖርበት ሰፈር ሆኖ በካርታ ላይ ባዶ ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የሰፈሩ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው እየዞሩ የውኃ ቦኖውን፣ ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤቱን በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ሳሉት። በሄይቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ርዕደ መሬቱ ፖርቶፕረንስን ሲያፈርሳት በጎ ፈቃደኞች በቀናት ውስጥ የከተማዋን ካርታ አደሱ፤ ዕርዳታ ሰጪዎችም ተጠቀሙበት። በአዲስ አበባም የሚኒባስ ታክሲና የአውቶቡስ መስመሮችን በዚሁ ካርታ ላይ የመዘገቡ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ከባዶ አንነሣም።

የሚነሡት ተቃውሞዎች መልስ ይገባቸዋል። አንደኛው ጉግል የትራፊክ መጨናነቅን ያሳያል፣ ሱቅና ምግብ ቤት በብዛት አለው፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም በአማርኛ ይሠራል የሚል ነው። ሁሉም እውነት ነው። ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሥራ መውጫ ሰዓት የሚነዳ ሰው ጉግልን ቢከፍት አልነቅፈውም። የኦፕንስትሪትማፕ ፍለጋም ድክመት አለው፤ ስሙ «ጊዮርጊስ» ተብሎ ከገባ በሌላ አጻጻፍ የፈለገው ሰው ላያገኘው ይችላል፣ በጽሑፋችን ውስጥ አንድ ድምፅ በሁለትና በሦስት ፊደል መጻፉም ችግሩን ያባብሰዋል። ነገር ግን የትራፊክ መረጃው የሚገኘው ከእኛው ስልክ ነው፤ የሱቆቹም ዝርዝር በአብዛኛው በተጠቃሚዎችና በባለሱቆች የተሞላ ነው። ጉግል የሚበልጠው ብዙ ሰው ስለሚመግበው ነው። የዚያ ድካም ግማሹ ወደ ክፍት ካርታው ቢዞር ልዩነቱ ይጠባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማንም የሚነካው ካርታ አይታመንም ይላል። ሥጋቱ ይገባኛል፤ በሰፈር ስም ላይ እንኳ መጣላት በምንችልበት ጊዜ ላይ ነን። ሆኖም በኦፕንስትሪትማፕ ላይ እያንዳንዱ ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የተበላሸውን ወደነበረበት መመለስም ይቻላል። በኩባንያ ካርታ ላይ ስም ሲቀየር ግን ለምን እንደተቀየረ የምናይበት መንገድ የለም። የተሰወረ ውሳኔ ከተገለጠ ክርክር ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከልቤ የምወስደው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ጠይቆ መድረስ ይቻላል፣ አፕ ምን ያደርጋል? እስከ ቅርብ ጊዜ እውነት ነበር። ሊስትሮው፣ ጀብሎው፣ የኪዮስኳ ባለቤት፣ በር ላይ የሚቀመጡት አባት ከየትኛውም ካርታ ይበልጡ ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች ዛሬ የት ናቸው? ከመሃል ከተማ የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ዳርቻው፣ ወደ ገላን ጉራና ወደ መሰሎቹ መንደሮች ተዛውረዋል፤ የሚያውቁትን ቅያስ ይዘው ሄደዋል፣ በሄዱበት ደግሞ ራሳቸው መንገድ ጠያቂ ሆነዋል። ዕውቀታቸው ሳይጠፋ ሊቀመጥ የሚችልበት አንዱ ቦታ ክፍት ካርታው ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ለአንድ ቦታ ከአሁኑ ስም ጎን የቀድሞውን ስም ለመመዝገብ ሥፍራ አለው። ዶሮ ማነቂያ በዚያ ተጽፎ ቢቀር ነገ ከውጭ አገር የሚመለስ ልጅ ቤታቸው የት ላይ እንደነበር በስልኩ ያገኘዋል። ይህን የሚያደርግልን ኩባንያ አይኖርም፤ ትርፍ የለውምና።

የከተማ አስተዳደሩም ድርሻ አለው። የኮሪደሩ ንድፍ በኮምፒውተር ተሠርቶ እጁ ላይ ነው፤ የእግረኛው መንገድ፣ የብስክሌቱ መስመር፣ የመኪና ማቆሚያው ልኩ ይታወቃል። ያ መረጃ መንገዱ በተመረቀ ቀን በክፍት ፈቃድ ቢለቀቅ ካርታውን ለማደስ ወራት መጠበቅ አያስፈልግም። እስከዚያ ድረስ ግን በስልካችን ልንጀምረው የምንችል ሥራ አለ፤ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለታክሲ ተራዎቹ ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ለገሃር የሚጭኑት ሚኒባሶች ግንባታው በገፋቸው ቁጥር የሚቆሙበት ቦታ ይቀያየራል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳም፣ ነፍሰ ጡር ሴትም፣ ምርኩዝ የያዙ እናትም ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ሲንከራተቱ ይውላሉ። ተራው ዛሬ የቆመበትን ቦታ፣ መዳረሻውን በአማርኛ ጽፎ፣ ኦርጋኒክ ማፕስ ላይ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲዛወር ያየ ሌላ ሰው ያስተካክለዋል።