የመምህሮቻችን ምክር እና ያላነበብነው መጽሐፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዩኒቨርሲቲ በገባን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህሮቻችን ከትምህርቱ መግቢያ ጋር ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ አጠቃቀም ጥቂት ነገር ይነግሩናል። ሥራችሁን በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ የይለፍ ቃላችሁን ለጓደኛ አትስጡ፤ በክፍል ውስጥ ስልካችሁን ዝጉ፤ ያላነበባችሁትን መጽሐፍ በዋቢነት አትጥቀሱ ይሉናል። እኛም እሺ እያልን እንሰማና ከክፍል ስንወጣ እንረሳዋለን። «ይህ የካምፓስ ነገር በሰንበት ትምህርት ቤት ገጽ ላይ ምን ሊሠራ መጣ?» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኔ ግን ከእነዚህ ምክሮች ቢያንስ ሁለቱ ለዲግሪያችን ከሚጠቅሙን ይልቅ ለአገልግሎታችን የሚጠቅሙን ይበልጣል ብዬ አምናለሁና እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቅጂ ልናገር። መምህራን የሚመክሩት ሥርዐት ቀላል ነው፤ ከማንኛውም ዋና ሥራ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዐይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ አንዱም ከምትኖሩበት ቤት ውጭ ይቀመጥ። ለእኛ ይህ ማለት አንዱ በላፕቶፕ፣ ሁለተኛው በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በጎግል ድራይቭ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሁሉን ነገር በቴሌግራም ለራሳችን እየላክን እናስቀምጣለን። ይህም ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ስልኩ ቢጠፋና ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ሁሉም አብሮ እንዳይሄድ ባለ ሁለት ደረጃውን ማረጋገጫ ዛሬውኑ አብሩት። ፍላሻችሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክታችሁ ፋይሎቻችሁ ሁሉ ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው ብታገኙአቸው ደንግጣችሁ ፎርማት አታድርጉት። ያ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹን የሚደብቃቸው እንጂ የሚያጠፋቸው አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው የተደበቁትን ሊገልጣቸው ይችላል።

ይህ ምክር ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ በሌሎች ቋንቋዎች የተገኘው ቁርጥራጭና ከፊል ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ መጻሕፍቱ ፈጽመው ያልጠፉት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ አንዱን መጽሐፍ በየገዳሙና በየደብሩ የገለበጡ ጸሐፍት ስለ ነበሩ ነው። እኛ ግን በአንዲት ጠቅታ የሚገለበጠውን መገልበጥ ሰልችቶን የአራት ዓመት ድካማችንን በኪሳችን ይዘን እንዞራለን።

እዚህ ላይ ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ባሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ታላላቆቻችን የጻፏቸው የመዝሙር ጥራዞች፣ የጉባኤ ትምህርቶችና ቃለ ጉባኤዎች አሉ። በሌላ ኮምፒውተር ስንከፍታቸው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ይታዩናል። የተበላሹ መስሏቸው የሚያጠፏቸው አሉ። አልተበላሹም! የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዐት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በእኛ ሀገር ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ፊደሎቻችን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በተሠሩ ፎንቶች ይጻፉ ነበር። ስለዚህ ፋይሉ የተጻፈበት ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሊነበብ አይችልም። መፍትሔው ያን ፎንት ፈልጎ መጫን፣ ፋይሉን ወዲያው ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ፣ ቀስ ብሎም ወደ ዩኒኮድ መመለስ ነው። ኮምፒውተር የምትማሩ ተማሪዎች ለክረምት ስትመለሱ «በምን ላገልግል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሥራው እነሆ። ያ አሮጌ ኮምፒውተር የሞተ ቀን ግን አይቻልም።

ስለ ስልክ ብዙ አልልም። ውዳሴ ማርያምን ከስልካችሁ የምታነቡ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ኢንተርኔቱን ዝጉት፤ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ሁለተኛውና ወደ ከበደው ልመለስ። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 2022 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን በዚያች ቀን የጽዮንን በዓል ስናከብር ነበርና አልሰማንም። ዓመት ሳይሞላ ግን በየመኝታ ክፍላችን ገባ። መምህሮቻችንም በአጠቃቀሙ ላይ አንድ ሐሳብ የላቸውም፤ አንዱ ፈጽሞ ይከለክላል፣ ሌላው «ተጠቀሙ፣ ነገር ግን የተጠቀማችሁበትን ግለጹ» ይላል። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አንድ ነገር አለ፤ መሣሪያው የሰጣችሁን ዋቢ ራሳችሁ ከፍታችሁ ሳታዩ አትጻፉ።

እኔ ይህን ምክር ሰምቼ አልታዘዝሁም። ለአንድ የሴሚናር ጽሑፍ ጊዜ አጥሮኝ አምስት ዋቢዎች ከዚህ መሣሪያ ተቀበልሁ። የደራሲ ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የመጽሔት ስም፣ የገጽ ቁጥር፣ ሁሉም የተሟላ ነበር። መምህሬ ወረቀቱን አገላበጡና በረጋ ድምፅ «ሦስተኛውን ነገ ይዘህልኝ ና» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ፈለግሁት። ሦስተኛውም አራተኛውም በዓለም ላይ የሉም። በማግስቱ ባዶ እጄን ስቀርብ አልተቆጡኝም፤ «ዲያቆን አይደለህምን?» ብለው ብቻ ወረቀቱን መለሱልኝ። ስለዚህ ነገር ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ያሉኝን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ይህ የሆነው ለምንድን ነው? እነዚህ መሣሪያዎች በመሠረታቸው ከተማሩት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥተው ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ቃል ነው የሚለውን በዕድል እያሰሉ የሚጽፉ ናቸው። እውነትን ከሐሰት የሚለዩበት ሕሊና የላቸውም። እውነተኛ ዋቢ ምን እንደሚመስል ስለሚያውቁ እርሱን የሚመስል ነገር ይሠራሉ። በኢንተርኔት ፈልገው የሚመልሱትም ቢሆኑ ያገኙትን አጣምመው ሊያቀርቡ ይችላሉ። በእንግሊዝኛ ይህን ያህል ከሳቱ፣ ጽሑፉ ጥቂት በሆነው በግእዝ ምን ያህል እንደሚስቱ አስቡት።

ከዚያች ቀን በኋላ ያስጨነቀኝ የሴሚናሩ ውጤት አልነበረም፤ የስብከት ደብተሬ ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ለጉባኤ ስዘጋጅ «ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ትዕግሥት ምን አለ?» እያልሁ ይህንኑ መሣሪያ እጠይቅ ነበርና። የሚሰጠኝ ቃል ያማረ ነበር፤ የአባቶችንም አነጋገር ይመስላል። መምሰሉ እኮ ነው ችግሩ! በሴሚናር ወረቀት ላይ የሌለ መጽሐፍ ብጠቅስ የሚጎዳው የእኔ ውጤት ነው። በዐውደ ምሕረት ላይ አባቶች ያላሉትን አሉ ብል ግን የሰማችው እናት ወደ ቤቷ ወስዳ ለልጆቿ ትነግረዋለች፤ ማንም «ሦስተኛውን ነገ ይዘህልኝ ና» አይለኝም።

በቅኔ ቤት ያለው ሥርዐት እዚህ ላይ ያሳፍረናል። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል እንጂ የሰው ቅኔ አያመጣም። ቢያመጣም ምሥጢሩን ሲጠየቅ ይያዛል። ለመያዝ ሲባል የተሠራ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም፤ መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰሙታል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና መጥቶ ሲያስደነግጠን የምናየው ያንኑ ነው፤ ሌላ የሠራልንን ይዘን ገብተን ብቻችንን እንጠየቃለን።

እንዲያ ከሆነ ፈጽሞ እንተወው የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ያልገባኝን የስታቲስቲክስ ትምህርት በሦስት ልዩ ልዩ መንገድ እንዲያስረዳኝ አድርጌ ጠቅሞኛል። የእንግሊዝኛ ሰዋስው እንዲያርምልን፣ ለፈተና ጥያቄ እንዲያወጣልን ብንጠይቀው ነውር አይደለም፤ መምህራችን ከፈቀዱ። የማይገባው ግን የሰው ምሥጢር፣ የአባላት ስም ዝርዝርና ስልክ ቁጥር ወደዚያ ማስገባት ነው። የአባቶችንም ቃል ከእርሱ አንቀበል። ከተቀበልን በየትኛው ድርሳን፣ በስንተኛው ክፍል እንደሆነ እንጠይቅና መጽሐፉን ራሱን እንክፈት። መጽሐፉ ከሌለን መምህራንን እንጠይቅ። ከእነርሱም ዘንድ ካልተገኘ ቃሉ ምንም ያህል ቢያምር ይቅር። የራሳችን ሐሳብ ከሆነ ደግሞ «እኔ እንደሚመስለኝ» ብለን በራሳችን ስም እንናገረው፤ ያማረ ሐሳብ ሁሉ የአፈወርቅ መሆን የለበትም።

እኔ ደብተሬን ከፍቼ ሁሉንም ጥቅስ አንድ በአንድ ፈትሻለሁ። አብዛኛውን ከመጽሐፍ አግኝቻለሁ፤ ሁለቱን ሰርዣለሁ። አንዱን ግን ባለፈው ጾም በጉባኤ ላይ ተናግሬዋለሁ፤ ምንጩንም እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። የጉባኤውን ሰብሳቢ አስፈቅጃለሁ፤ የፊታችን እሑድ ከትምህርቱ በፊት ቆሜ ያ ቃል የአባቶች መሆኑን እንዳላረጋገጥሁ እናገራለሁ። በዚያ ቀን ያልነበራችሁም ከሌላ ሰው ሰምታችሁት እንደሆነ ብላችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።