ፍርዱ ሲደርስ ጫማው ተሰቅሏል

የቦስማንን ህግ የማያውቅ የኳስ ወዳጅ የለም። ሰውየውን ግን ስንቱ ያስታውሰዋል? ዦን ማርክ ቦስማን ከቤልጂየሙ ሊዬዥ ጋር የነበረው ውል እ.ኤ.አ በ1990 አለቀ። ወደ ፈረንሳዩ ዳንከርክ ልሂድ ቢልም ሊዬዥ የዝውውር ገንዘብ ካልተከፈለኝ ብሎ አገደው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት «ውሉን የጨረሰ ተጫዋች በነጻ ይሂድ» ብሎ የፈረደው ዲሴምበር 15 ቀን 1995 ነው። ዛሬ ከዋክብቱ በዚያ ፍርድ ሚሊዮኖች ያፍሳሉ። ቦስማን ግን ያኔ 31 ዓመት ሞልቶት፣ የኳስ ዕድሜው እያለቀ ነበር።

ላሳና ዲያራም ከዚህ አላመለጠም። በ2014 ሎኮሞቲቭ ሞስኮ ውሉን አፍርሶ ካሳ ጠየቀው። በወቅቱ የፊፋ ደንብ አዲሱ ክለብ ዕዳውን አብሮ ይሸከም ስለነበር ሻርለርዋ ዋስትና ፈለገ፤ ዝውውሩም ከሸፈ። ፍርድ ቤቱ ደንቡ የአውሮፓ ህብረትን ህግ ይጥሳል ያለው ኦክቶበር 4 ቀን 2024 ነው። ዲያራ ኳስ ካቆመ 5 ዓመት አልፎታል!

ክለብ 10 ዓመት ቢከራከር ሜዳው የትም አይሄድበትም። የተጫዋች እግር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ ክርክሩ በፍርድ ቤት ይቀጥል፣ ልጁ ግን ይጫወት። አለበለዚያ አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ይበላል።