ከማሰር መቃኘት

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። ዘንግ የተገጠመለት ኤሌክትሪክ ጊታር የደረሰበትም ይኸው ነው። ዘንጉ ሲጫኑት ክሮቹ ያረፉበትን ብሪጅ ያነቃንቃል፤ ድምፁም ይወዛወዛል። ሲለቀቅ ግን ክሮቹ ወደ ቅኝታቸው ሳይመለሱ ይቀራሉ። ያን ጊዜ የሚሰጠው ምክር ዘወትር አንድ ነው፤ «ሞላዎቹን ጥርቅም አድርገህ አጥብቅ፣ እንጨት ሸጉጥበት፣ ዘንጉንም ነቅለህ ጣለው።» ይህን ምክር እቃወማለሁ።

ትርጉም መተዳደሪያዬ ስለሆነ ከስሙ ልጀምር። የፌንደር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተርን ሲያወጣ መሣሪያውን «ትሬሞሎ» አለው። በሙዚቃ ቋንቋ ትሬሞሎ የድምፅ ጉልበት መዋዠቅ ነው፤ ድምፅ እየቀጠነና እየወፈረ ሲወዛወዝ ቪብራቶ ይባላል። የስሙ ስሕተት ማንንም አልጎዳም። አሠራሩን አለመረዳት ግን ጊታሩን ሽባ ያደርገዋል።

ነገሩ የሚዛን ጉዳይ ነው። ከፊት ስድስቱ ክሮች ብሪጁን ወደ አንገቱ ይስቡታል፤ ከጀርባ፣ በክዳኑ ውስጥ፣ ሞላዎች ወደ ኋላ ይስቡታል። ሁለቱ ኃይሎች ሲተካከሉ ብሪጁ ይረጋል። እንግዲህ ቀጭኑን ክር በወፍራም የለወጠ ሰው ሚዛኑን ራሱ አፍርሷል፤ ብሪጁ ወደ ፊት ቢያዘነብል ጊታሩን ሊወቅስ አይገባውም።

መድኃኒቱ ካቻቪቴና ትዕግሥት ነው። ክሮቹን መቃኘት፤ ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ረጃጅም ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ ማዞር፤ እንደገና መቃኘት፤ ብሪጁ በኋላ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እስኪረጋ ይህንኑ መደጋገም። ቀጥሎ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭኖ መምታትና እዚያው በስሱ ነክቶ ከሚወጣው ድምፅ ጋር ማነጻጸር ነው። የተጫኑት ድምፅ ቀጥኖ ከተገኘ የክሩ ኮርቻ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ከወፈረ ወደ አንገቱ ይገፋል። በመጨረሻም ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉባቸው ቦዮች በእርሳስ ይለስልሱ። ክሩ እዚያ ከተያዘ የትኛውም ሞላ ቅኝቱን አይመልስለትም።

«ኤሪክ ክላፕተንስ ብሪጁን በእንጨት አሳስሮ ሲጫወት አልኖረምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ኖሯል። የታሰረ ብሪጅ አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ የቀሩትን ክሮች ቅኝት እንደማያናጋ አልክድም። ነገር ግን ክላፕተን የማይጠቀምበትን ነገር አውቆ ተወ፤ እኛ ሳንሞክረው እንተዋለን።

የምናጣውም ቀላል አይደለም። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ ሶማሌዎች ካባን የሚሉት ዑድም እንዲሁ። ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተት በመካከል ያለውን ሁሉ ያሰማል፤ ትዝታ የሚያንሰቀስቀውም እዚያ መካከል ነው። ጊታር ግን ድምፁ በፍሬት የታጠረ ነው። ክርን በጣት ማጉበጥ አጥሩን ያሻግራል፤ ሆኖም ድምፁን የሚያቀጥነው ብቻ ነው። ሙሉ ኮርድ ባንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ የሚመልሰው ዘንጉ ነው።

በሐርጌሳ ይህ ትርፍ ወሬ አይደለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1988 በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ ከራዲዮ ሐርጌሳ ቅጂዎች ብዙዎቹ የተረፉት መሬት ተቀብረው ነው። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል በሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶች ተጠብቀዋል። ከዚያ ስብስብ ተመርጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓለም የቀረቡትን ዘፈኖች ያደመጠ ሰው ኤሌክትሪክ ጊታር ለዚህ ምድር ዜማ ባዕድ እንዳልነበረ ይረዳል።

ዘፈኑን ከመሬት ቆፍሮ ባወጣ ሕዝብ መካከል፣ ሁለት ብሎን ማዞር ታክቶት ጊታሩን የሚያስር ተጫዋች ምን ምክንያት ያቀርባል? እንጨቱን ከመሸጎጣችሁ በፊት ለመሣሪያው አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት። ከዚያ ወዲያ ዘንጉን ካልፈለጋችሁት እሰሩት፤ ያን ጊዜ በእርግጥ መርጣችኋል።