የኮንሶ እርከንና የጎብኚው ዓይን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘና አርባ ምንጭን አልፎ ኮንሶ የገባ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ድንጋይ ነው። አገሩ በረሃ ቀመስ፣ ዝናቡ የማይታመን፣ አፈሩ ስስ፣ ተዳፋቱም የበዛ ነው። በዚህ ምድር ላይ የኮንሶ ሕዝብ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይን በድንጋይ ላይ እየካበ ኮረብታዎቹን ከግርጌ እስከ አናት እርከን አልብሷቸዋል። የካቡ ቁመት በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሥራው ከ400 ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን 21 ትውልድ ተፈራርቆበታል። ዩኔስኮም 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነውን መልክዓ ምድር፣ በካብ ከታጠሩት መንደሮች ጋር፣ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ይሁን እንጂ ወደ ኮንሶ ከሚሄዱት ጎብኚዎች አብዛኞቹ ይህን እርከን በመኪና መስኮት አይተውት ያልፋሉ። የሚቸኩሉት ወደ ሌላ ነው፤ ይኸውም ወደ ዋካና ወደ ገሰርጊዮ።

ዋካ ከጠንካራ እንጨት የሚቀረጽ የመታሰቢያ ሐውልት ነው። ጀግና ወይም የተከበረ ሰው ሲሞት ምስሉ ተቀርጾ ይተከልለታል፤ በጎንና በጎኑ ሚስቶቹ፣ እንዲሁም በጦርነት የጣላቸው ጠላቶችና የገደላቸው አራዊት አብረውት ይቆማሉ። ጣዖት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን አይመለክም። የሟቹን ታሪክ ለአላፊ አግዳሚ የሚናገር ነው እንጂ። ታሪኩን የሚናገረው ግን ሁሉም በየሥፍራው ተሟልቶ ሲገኝ ነው። ከሚስቶቹና ከድሉ ተነጥሎ፣ በጨለማ ተነቅሎ፣ በሩቅ አገር ሳሎን ውስጥ የቆመ ዋካ የማን አባት እንደሆነ የሚያውቅለት የለም። አያሌ ዋካዎች በዚህ ዓይነት ተሰርቀው ተሸጠዋል። ከሻጮች እጅ የተመለሱት በካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ተቀምጠዋል። ሙዚየሙ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም እዚያ የተደረደሩት ምስሎች ከተተከሉበት ሥፍራ የራቁ ስደተኞች መሆናቸውን ጎብኚው ልብ ሊል ይገባዋል። ሻጩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ገዢ ባይኖር ኖሮ ማን ይነቅለው ነበር?

ገሰርጊዮ የሚባለው ሥፍራ ደግሞ ጎርፍና ነፋስ አፈሩን ሸርሽረው እንደ ረዣዥም ፎቅ ያቆሙት ሸለቆ ነው። ጎብኚዎች «ኒውዮርክ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ፎቶግራፍ ሲያነሡ ይውላሉ። ውብ መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን የሚያደንቁት አፈሩ የተሸነፈበትን ቦታ ነው። የኮንሶ ገበሬ ለብዙ መቶ ዓመታት ድንጋይ ሲሸከም የኖረው ማሳው ገሰርጊዮን እንዳይሆን ነው። የተሸነፈውን ለማየት ያን ያህል መንገድ ተጉዞ፣ ያሸነፈውን ሳያዩ መመለስ ጉዞውን ከግማሽ በታች ያደርገዋል።

እርከን የእርሻ ዘዴ እንጂ ጥበብ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። ወደ ካቡ ጠጋ ብሎ የተመለከተ ግን እንዲህ ለማለት ይቸግረዋል። እያንዳንዱ ድንጋይ ተመርጦና ተገጣጥሞ የተቀመጠ ነው። ካቡ አፈሩን ይዞ፣ ውኃውን አቁሮ፣ የተረፈውንም ወደሚቀጥለው እርከን እንዲያስተላልፍ ሆኖ ተሠርቷል። ማሽላውና የሽፈራው ዛፍ በዚያ ደረቅ አገር የሚበቅሉት በዚህ ብልሃት ነው። አንድ እጅ ያልሠራው ሥራ ስለሆነ የሠሪው ስም አይጠራም፤ ምናልባት እንደ ጥበብ ሳይቆጠር የቀረውም ለዚህ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሥራ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በረሃ ይገኛል። ሊዮናርድ ናይት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ጭቃና ጭድ እያቦካ፣ ቀለም እየቀባ አንድ ኮረብታ ሠራ፤ ብዙ ሰውም ሊያየው ይጎርፍ ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2014 ሞተ። ኮረብታው ዛሬም ያለው በጎ ፈቃደኞች እየጠገኑት ነው። በእጅ የተሠራ ጭቃም ሆነ ያለ ማጣበቂያ የተካበ ድንጋይ ካለ ጠጋኝ አይቆምም። ልዩነቱ የአሜሪካው አንድ ሰው ሲያልፍ ጠጋኝ መፈለግ ነበረበት፤ የኮንሶው ግን ሥራውን ከአባት ለልጅ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፍ ኖሯል።

ይህ ቅብብል የሚሰጋለትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲወጣ በአንድ ክረምት የተናደ ካብ ለሚቀጥለው ክረምት ሳይጠገን ይደርሳል፤ ከላይ የተናደውም ከታች ያለውን ይዞ ይወርዳል። ቅርሱን በአጥር ከልሎ ዘበኛ ማቆም ለዋካ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእርከኑ ግን ካቢ እንጂ ዘበኛ አይበጀውም። ስለዚህ ጎብኚው ከሚከፍለው ገንዘብ የተወሰነው፣ ለሌላ ወጪ ከመዋሉ አስቀድሞ፣ የተናደ ካብ ለሚያነሡት ሰዎች ቢከፈል ተገቢ ነው። ጎብኚውም ቢሆን በእርከኖቹ መካከል ባለው የእግር መንገድ ግማሽ ቀን ቢወጣና ቢወርድ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ በዓይኑ ያያል።