የእናቴ ቀሚስ

ቡሬ ላይ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ቀን ባንክ ቤት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ስንኝ እቆጥራለሁ። አንድ ቅዳሜ ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ ለሟች እናቴ ግጥም ልጽፍ ተቀመጥሁ። ቃሉ እምቢ አለኝ። ፎቶዋን ልፈልግ ሳጥኗን ብከፍት የፈትል ቀሚሷን ታጥፎ አገኘሁት፤ እጣን እጣን ይሸታል። ለበስሁት። መቀነቷንም ታጠቅሁ።

የመጀመሪያው ምሽት ሐዘን ነበር ብዬ ባበቃ የሚወቅሰኝ አልነበረም። አንባቢዬን እንዳላታልል ግን ልጨርሰው፤ ሁለተኛው ምሽት ሐዘን አልነበረም። ደስ ስላለኝ ለበስሁት። ቀኑን ሙሉ ትከሻዬ ላይ የሚውል አንዳች ሸክም ሲወርድልኝ ተሰማኝ። በሦስተኛው ምሽት አከራዬ አንኳኩተው «አንተ ልጅ፣ ቡና ደርሷል!» ሲሉኝ ሻማውን እፍ ብዬ አጥፍቼ እንደ ሌባ ትንፋሼን ዋጥሁ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እናቴ ቀሚስ…

ምን ነበር ያስፈራኝ? ሕጉ እንዳልል፣ በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን እንጂ ልብስን አይደለም። መጽሐፉስ? አዎን፤ ኦሪት ዘዳግም 22፥5 ወንድ የሴትን፣ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ ይከለክላል። ይሁን እንጂ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ሲነበብ፣ ጥር 21 ቀን የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ቅድስት ኢላርያ በወንድ ልብስ ወደ አስቄጥስ ገዳም መግባቷን እንሰማለን። ነሐሴ 15 ደግሞ የቅድስት መሪና ዕለት ነው። መነኩሴ መስላ የኖረችው ይህች ሴት ልጃገረድ አስረግዘሃል ተብላ በሐሰት ተከሰሰች፤ አንዲት ቃል ብትናገር ነጻ በወጣች ነበር። እርሷ ግን ዝም ብላ ያልወለደችውን ሕፃን አሳደገች። ሴትነቷ የታወቀው አስከሬኗ ሲገነዝ ነው። ቅዱሳቱ ለጽድቅ እንጂ እንደኔ ደስ ስላላቸው አልለበሱም የሚለኝ ይኖራል። ልዩነቱን አልክድም። የምለው፣ ልብሱን ብቻ አይቶ የለባሹን ልብ መፍረድ እንደማይቻል የነገሩን አባቶቻችን ራሳቸው ናቸው ነው።

ጥበቡም ይህን ያውቃል። በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው አገር ፍቅርም ሆነ በሌሎች መድረኮች፣ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ቀዳሚ ሴት ተዋናይት ሆና ከመውጣቷ በፊት፣ የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ተመልካቹም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

አገሬ ጎጃምም ያውቀዋል። ወንድ ልጅ በቁልምጫ «አንቺ» ይባላል። እናቴ እኔን «ነይ እስቲ፣ አንቺ ሞኝ!» ስትለኝ ከጉልበቷ ሥር እወሸቅ ነበር። ታላላቆቹ የሞቱበት ወንድ ሕፃን ከክፉ ዓይን እንዲሰወር ሎቲ የሚደረግለት ቤትም ነበረ። እንግዲህ በዚህ አገር ሴትነት ለወንድ ልጅ መጠለያ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ያው «አንቺ» የሚለው ቃል ጢም ካበቀልን በኋላ ለጠብ የሚጋብዝ ስድብ የሚሆንብን ስለ ምን ነው?

መልሱን ቋንቋችን ራሱ ይነግረናል። ጎበዝ ሴት ስናይ «ወንድ ናት!» እንላለን፤ ምርቃት ነው። ለስላሳ ወንድ ስናይ «ሴታ ሴት» እንላለን፤ እርግማን ነው። ሴት ወደ ወንድነት ስትሻገር ከፍ አለች፣ ወንድ ወደ ሴትነት ሲሻገር ወረደ ማለታችን ነው። እንግዲያውስ የምንጠየፈው የልብሱን መለወጥ አይደለም፤ የለባሾቹን ባለቤቶች፣ ሴቶችን ነው። እኔም ያን ምሽት ሻማውን ያጠፋሁት ወንድነቴ ስለ ተነካ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ያፈርሁት በእናቴ ነው። ይህን ማወቄ ከማንኛውም ሐሜት ይልቅ አሳፍሮኛል።

በሩን ዘግቶ፣ ማንንም ሳይበድል፣ ከራሱ ጋር የተቀመጠ ሰው ምን እንደ ለበሰ የጎረቤት ጉዳይ አይመስለኝም። ለምን እንደሚለብስ እንኳ ለራሱ ተርጉሞ ላይጨርስ ይችላል፤ እኔም አልጨረስሁም። ነገር ግን ቢያንስ እናቶቻችን የለበሱትን ልብስ ስድብ አናድርገው። ግጥሙም በመጨረሻ እንዲህ ሆኖ መጣልኝ፦

በሬን ዘጋሁና ሳጥኗንም ከፈትሁ፤
ቀሚሷን ለብሼ መልኳን አስታወስሁ።
ለወንድ ልጅ ነውር ነው ይላሉ ቀሚሷ፤
ሰው ያረገችኝ ግን ለባሿ ነች እሷ።